የሼሁ ግቢ ታችኛው ክፍል

ኢንስፔክተር ማናለብሽ ከሬሳው በፊት ያየችው ጫማዎቹን ነው። ከበሩ ውጭ፣ ዝናብ በማይደርስበት ከክፈፉ ሥር፣ አፍንጫቸውን ወደ በሩ አድርገው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጥቁር ባለ ማሰሪያ የወንድ ጫማዎች ናቸው፤ ሶላቸው ላይ የአሶሳ ቀይ ጭቃ ደርቆበታል። ባለቤታቸው ከበሩ ወዲያ፣ ወደ ታች ከሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ሞቷል።

ሟቹ ወሰን ይባላል። የቅርስ ባለሙያ ነው፤ የድባጤ ሰው፣ እዚያ በተነሣው ግጭት ጊዜ ታላቅ ወንድሙን ቀብሮ ወደ አሶሳ የመጣ። የሞተበት ግቢ ደግሞ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አካባቢውን ይገዙ የነበሩ፣ ለመሀል አገር ቤተ መንግሥት ወርቅ ይገብሩ የነበሩ አንድ ሼህ ያሠሩት የድንጋይ ቤት ነው። ለረጅም ጊዜ የፍየልና የሌሊት ወፍ መኖሪያ ሆኖ ቆይቶ ዘንድሮ ፓርክ ሊሆን ተነሣ። የሥራው ኮሚቴ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ቤተ መንግሥቱን፣ የዙፋን አዳራሹን፣ እንጦጦን፣ አትክልቱንና ፏፏቴውን ጎብኝቶ ተመልሷል። አንበሳ ካልመጣልን ያለም ነበር፤ ደግነቱ ሰሚ አላገኘም። ምረቃው በሚቀጥለው ሳምንት ነው፤ ከዋና ከተማው እንግዶች ይመጣሉ።

ሬሳውን ጠዋት ያገኙት ዘበኛው አባባ ዓብዱልላጢፍ ናቸው። አልጮኹም። ለፖሊስ አስደውለው ከማንጎው ሥር ተቀምጠው የጸሎት መቁጠሪያ ሙስበሐቸውን ሲቆጥሩ ቆዩ። ማናለብሽ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች። የቡለን ልጅ ናት፤ ደልደል ያለች፣ ኪሷ ውስጥ ሁልጊዜ የተቆላ ለውዝ የማይጠፋ፣ ሰው ሲያወራ የማታቋርጥ ሴት። ሰው የሚፈራት በዚህ አለማቋረጧ ነው።

«አባባ፣ ጫማውን ማን አወለቀው?»

«እነሱ» አሉ።

«እነማን?»

«ውስጥ ያሉት። እነሱ ጫማ የለውም ነበር። ጫማ ያለው ሰው ሲገባ አይወድም። ወላሂ፣ ታች ውረጂ፣ እግሩን ታያለሽ።»

ወረደች፤ አየችም። ወለሉ ሻካራ ድንጋይ ነው፤ በላዩ የሌሊት ወፍ ኩስና ከግድግዳው የወረደ እርጥበት ተለውሶበታል። በዚያ ላይ፣ ከሬሳው ጎን፣ የባዶ እግር ዳና ታትሟል። ወደ ሟቹ ይመጣል፤ እግሩ አጠገብ ይቆማል፤ ተመልሶ ወደ ደረጃው ይሄዳል። ከጫማ ጋር ያልተዋወቀ እግር የረገጠው ይመስላል። ማናለብሽ በሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ብርድ በአንገቷ በኩል ገባ፤ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ማንም አልነበረም። ጣሪያው ብቻ በሌሊት ወፎቹ ይንሾካሾካል።

እሷ ሥራዋን ስትጀምር ወሬው ከአጥሩ ውጭ ሥራውን ጨርሶ ነበር። በቀርከሃው አጥር ላይ የተንጠለጠለው ሕዝብ የጫማውንም የዳናውንም ነገር ሰምቷል። ማታ ማታ ከዚያ ክፍል የሚሰማውን ማቃሰት የማያውቅ አሶሳ ውስጥ የለም። ከዚህ ክፍል የተነሣ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲመሽ በዚያ በኩል አያልፍም፤ በዚያ ካለፈም ቁርኣኑን ወይም አቡነ ዘበሰማያቱን እየደገመ ነው። አሁን የሆነውን ለማብራራት ፖሊስ አያስፈልግም ነበር ማለት ነው።

አለቃዋ ግን መናፍስትን ማሰር ስለማይቻል ሌላ ሰው አስቧል። በስልክ የነገራት አጭር ነው። የክፍሉ ቁልፍ የሚያዘው የግቢው አስጎብኚ ኢቲዳል እጅ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ በበሩ ላይ ተሰክቶ ተገኝቷል። ትናንትና ከሟቹ ጋር ስትጨቃጨቅ የሰማ አለ። ከተማው ሳይታመስ ሰው መያዝ አለበት። እስከ ማታ ሌላ ሰው ካልተገኘ ልጅቷ እስር ቤት ትግባ። የኢቲዳል እናት ይህን ከማን እንደ ሰማች እንጃ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነጠላዋን ተከናንባ ከአጥሩ ውጭ ዝናብ ላይ ቆማለች። ግቢ ቢሏትም አልገባም አለች፤ ልጇን ሳትይዝ ደግሞ አትሄድም።

ማናለብሽ ወደ ሬሳው ተመለሰች። ቁስሉ ከጭንቅላቱ በስተኋላ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ክፍሉ፣ እግሩ ወደ ደረጃው። ጎንበስ ብላ የካልሲውን መርገጫ ተመለከተች፤ ከዚያ ጣቷን ወለሉ ላይ ጠረግ አድርጋ ጣቷንም ተመለከተች። ካልሲው ንጹሕ ነጭ ነው። ጣቷ ጥቁር ነው። በሟቹ ጥፍሮች ውስጥ ደግሞ ኖራ አለ። የኖራውን መነሻ ስትፈልግ ከግድግዳው ዝቅ ብሎ፣ ሰው መሬት ላይ ሲቀመጥ እጁ በሚያርፍበት ቦታ፣ አዲሱ ልስን ተፍቆ አየች። ከተፋቀው ውስጥ የዛገ የብረት ቀለበት ብቅ ብሏል።

የበቅሎ ማሰሪያ ነው ብላ ልታልፈው ነበር። በቅሎ ግን ይህን ደረጃ አይወርድም።

አብረዋት የመጡትን ፖሊሶች ዳናውን እንዲለኩ አዝዛ ወጣችና በረንዳው ላይ ወንበር አስመጣች። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ የነበሩት ከሟቹ ሌላ አራት ሰዎች ናቸው፤ አባባ ዓብዱልላጢፍ ያን ጊዜ መስጊድ እንደ ነበሩ አብሯቸው የሰገደ ጎረቤት ሁሉ መስክሯል። አራቱ ስለ ምረቃው ለመነጋገር ነው የመጡት። ያ የአሶሳ ዝናብ ድንገት ሲወርድ ሁሉም ወደየቅርቡ ሮጠ፤ አንዱ ሌላውን አላየም። ሲያባራ የወሰንን አለመኖር ቀድሞ ሄዷል ብለው ተረጎሙት፤ እነሱም ሄዱ።

መጀመሪያ የመጣው ሥራ ተቋራጩ ዲሳሳ ነው። የባምባሲ ሰው ነው፤ ግዙፍ፣ ሲስቅ ወንበሩን የሚያስጨንቅ። ዛሬ ግን አልሳቀም። በዝናቡ ጊዜ የሲሚንቶ መጋዘኑ ውስጥ እንደ ነበር ተናገረ። ከወሰን ጋር መጣላቱንም አልደበቀም፤ አሮጌውን ድንጋይ በልስን ሸፈንክብኝ ብሎ ሥራውን ሊያስቆምበት ዝቶበት ነበር።

«ታች ያለውን ክፍል ማን ልሰነው አለህ?»

«ኤዬ፣ ማንም አላለኝ። ግድግዳው ሲፈርስ አይቼ ነው።»

«ክፍሉ ድሮ ምን ነበር?»

ዲሳሳ ዙሪያውን ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። የሼሁ የወርቅ ማከማቻ ነበር አለ። ወደ ንጉሡ የሚላከው ወርቅ እዚያ ነበር የሚቀመጠው። ኢቲዳል ለሱ ብቻ ነው የነገረችው፤ ለሌላ ሰው እንዳታወራ ብላ አስምላዋለች። ልስኑን ከመለሰኑ በፊት ግድግዳውን በመዶሻ አንኳኩቶ እንደ ነበር አፍሮ ጨመረ። ወርቅ አላገኘም።

ቀጥላ የመጣችው የአትክልቱን ንድፍ የሠራችው እየሩስ ናት፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዓይኖቿ በለቅሶ ያበጡ። ከወሰን ጋር የተቀራረቡት በጉብኝቱ ጊዜ ነው። ቤተ መንግሥቱን ሲጎበኙ ሌላው ሁሉ ዙፋኑ ሥር ፎቶ ሲነሣ፣ ወሰን ግን ሰዎች ታስረውበት በነበረው ምድር ቤት ውስጥ ቆሞ አልወጣ ብሎ እንደ ነበር አስታወሰች። እነሱ ጓዳቸውን ካሳዩ እኛ ምን ያስፈራናል ይል ነበር አለች። በዝናቡ ጊዜ መኪናዋ ውስጥ ነበረች። ስለ ክፍሉ ስትጠየቅ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሙሽሮች የሚሰናዱበት፣ በእንጨት ጢስ የሚታጠኑበት ክፍል ነበር። ኢቲዳል ለሷ ብቻ ነው የነገረቻት። የእጅ ሥራ መሸጫ ልታደርገው አስባ ነበር።

ማናለብሽ ለውዝ አወጣች። ቀስ እያለች ፈለፈለችው።

ሦስተኛው የፓርኩ ሥራ ኃላፊ አንዳርጋቸው ነው። ከወሎ ወደ አሶሳ በሰፈራ ሲመጡ የእናቱ ጀርባ ላይ ነበር፤ እዚሁ አድጎ፣ እዚሁ ወልዶ፣ አሁን ጸጉሩ ሸብቷል። አያቱ እስላም፣ እናቱ ክርስቲያን ነበሩ፤ ይህን ለሰው ሁሉ በኩራት ይናገራል። በአሶሳ ጨዋ ማነው ቢባል ስሙን የሚጠራ ብዙ ነው፤ ማናለብሽም ብትጠየቅ ያን ዕለት ጠዋት እሱኑ ትጠራ ነበር።

ማናለብሽ ከሱ ጋር በረንዳው ላይ አልተቀመጠችም። ወደ ታችኛው ክፍል ይዛው ሄደች። ሬሳው ተነሥቷል። እሷ ደረጃውን ወርዳ ከታች ጠየቀችው፤ እሱ ከደጃፉ ውጭ ካፊያው እየመታው መለሰ። በዝናቡ ጊዜ በረንዳው ላይ ብቻውን ነበር። ከወሰን ጋር ምንም አልነበረውም፤ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ነፍሱን ይማር።

«እዚያ ዝናብ ይመታዎታል፤ ይግቡ እንጂ።»

«ግድ የለም፣ ኢንስፔክተር። ከዚሁ ይሰማኛል።»

«ይህ ክፍል ምን ነበር?»

አንዳርጋቸው ወደ ግቢው ዞር ብሎ አየ። «የሼሁ የጸሎት ክፍል ነበር። ከሰው ተለይተው ፈጣሪያቸውን የሚለምኑበት። ለማንም አልተናገርኩም። ከምረቃው በፊት ከተወራ ሁሉም የኔ ነው እያለ ያበላሸዋል። ልጅቷም ለኔ ብቻ ነው የነገረችኝ።»

ከተማው ውስጥ የሃይማኖት አባቶችን ከሁለቱም ወገን እየዞረ ለምኗል፤ ለምን እንደሚጠሩ ግን አልነገራቸውም። በምረቃው ቀን ክፍሉን አንድ ላይ እንዲከፍቱትና እንዲመርቁት ነው ያሰበው። ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ እንደ ሕፃን ያለ ደስታ መጣና ወዲያው ጠፋ።

ኢቲዳል መጨረሻ ተጠራች። ቀጭን ናት፤ ቀይ ሻሿን አጥብቃ ጠምጥማለች። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ እንደ እስረኛ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። አጥሩ ጋ ያለችውን እናቷን እያየች ነው የምታወራው።

«ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለመነኝ፣ ሰጠሁት። እኔ ትኬት ቤት ነበርኩ። አልገደልኩትም።»

«ለምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«በምረቃው ቀን ይናገራል አለኝ። እኔ ተው አልኩት።»

«ምኑን?»

ኢቲዳል ወደ አጥሩ ዞረች። ማናለብሽ ወንበሯን ወደሷ ሳበችና ሌላ ነገር ጠየቀቻት፤ ስለ ሥራዋ። እንግዳ ሲመጣ ምን ትነግሪያለሽ? ልጅቷ ሳታስበው ፈገግ አለች። ከእንግዳው ፊት ምን መስማት እንደሚፈልግ ታውቃለች። ወርቅ የሚወድ አለ፤ ሰርግ የሚወድ አለ። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ይህን ለእርስዎ ብቻ ነው የምነግርዎ ካልሽው ደስ ይለዋል፣ ለሌላ አያወራም፣ ሌላ ቀንም ሰው ይዞ ይመጣል። ውሸት ነው፣ ግን ማንን ይጎዳል ብላ ነበር። ፈገግታዋ እዚህ ላይ ቆመ።

«ለወሰንስ ምን አልሽው?»

«ለወሰን እውነቱን ነገርኩት» አለች። «እሱ መስማት የሚፈልገው እሱን ነበር።»

ከዚያ በኋላ የተናገረችው ረጅም አልነበረም፤ ማናለብሽ ለውዙን ወደ ኪሷ መለሰች።

ዝናቡ ሲያባራ ሁሉንም ወደ ታችኛው ክፍል አስጠራቻቸው። አለቃዋ ልጅቷን የምትወስደውን መኪና ልኳል፤ ከግቢው በር ውጭ ሞተሩ እንደ ተነሣ ቆሟል። እናቲቱ ከአጥሩ ወደ መኪናው ተጠግታለች። ክፍሉ ውስጥ መጀመሪያ ዲሳሳ ገባ፤ ደረጃውን ወርዶ ከግድግዳው ጋር ቆመ። እየሩስ ተከተለች። አባባ ዓብዱልላጢፍ ወርደው ጥግ ላይ ቆሙ። ኢቲዳል ከሁለት ፖሊሶች ጋር ወረደች። አንዳርጋቸው ደጃፉ ላይ ደረሰና ቆመ፤ ወደ እግሩ አየ፤ ወደ ሌሎቹ እግር አየ፤ ከዚያ እንደ ነበረ ከነጫማው ገባ። ማናለብሽ ከታች ሆና ይህን ስታይ ነበር።

«እዚህ ውስጥ ያደረገው መንፈስ ነው የሚል ሰው ከአጥሩ ውጭ ሞልቷል» ብላ ጀመረች። «እኔም ጠዋት ለጥቂት ጊዜ እንደሱ ሳስብ ነበር። ስለዚህ ከሚታየው ልጀምር። ወሰን የተመታው በስተኋላው ነው፤ እግሩ ወደ ደረጃው ነበር። ወደ ውጭ ሊወጣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ሲወጣ፣ ከበላዩ የቆመ ሰው ገፍቶታል። ተንሸራቶ አይደለም የሞተው።»

ወደ ወለሉ ጎንበስ አለች።

«ቀጥሎ ካልሲው። ይህ ወለል ጣቴን ያጠቆረው አንድ ጊዜ ብነካው ነው። የወሰን ካልሲ ግን ንጹሕ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ በካልሲ አንድ እርምጃ አልሄደም። እስኪሞት ድረስ ጫማውን አድርጎ ነበር። ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው አወለቀለት፤ ይዞ ወጣ፤ ዝናብ እንዳይመታው ክፈፉ ሥር አስቀመጠው። ያ ሰው ራሱም ባዶ እግሩን ነበር። ዳናው የወንድ ነው፤ ከኢቲዳል እግር ይበልጣል። ይህን ሳይ ልጅቷን ከልቤ አወጣሁ፤ ማስረዳቱ ግን ቀረኝ።»

«ለምን ያወልቀዋል?» አለ ዲሳሳ። «ወድቆ የሞተ እንዲመስል?»

«እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው። ወድቆ የሞተ እንዲመስል የፈለገ ሰው ጫማውን ይተወዋል። ጭቃ በሶሉ ላይ ነበር፤ አንሸራቶት ነው ይባል ነበር፤ እኔም አምኜ ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። ጫማውን ማውለቁ ገዳዩን ጎዳው እንጂ አልጠቀመውም። እንግዲህ ይህ ሰው ያወለቀው ለተንኮል አይደለም። ሳያወልቅ መሄድ ስላቃተው ነው።» ወደ ዲሳሳ ዞረች። «ይህ ክፍል ምንድነው?»

«ያ የነገርኩሽ ነዋ» አለና ኢቲዳልን ሰረቅ አድርጎ አየ። «የወርቅ ማከማቻ።»

እየሩስ ቀና አለች። «የሙሽሮች ክፍል ነው እንጂ።»

ሁለቱ ተያዩ፤ ከዚያ ሁለቱም ኢቲዳልን አዩ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። በሌላ ቀን ቢሆን የሚያስቅ ነገር ነበር።

«ለእያንዳንዳችሁ ለብቻችሁ የተነገረ ነው» አለች ማናለብሽ። «ዲሳሳ ወርቅ ቤት ነው ብሎ ስለሚያምን ሰው ገድሎ ጫማ አያወልቅም። እየሩስም ለሙሽሮች ክፍል አታወልቅም። አባባ ዓብዱልላጢፍና ኢቲዳል ክፍሉ ምን እንደ ነበር ያውቃሉ፤ ጫማ የሚወለቅለት እንዳልሆነ ያውቃሉ። ወሰንም ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ በጫማው ገባ። ይህ ክፍል የተቀደሰ ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ዛሬ ጠዋት ካፊያ እየመታው ከደጃፉ ሳያልፍ ነው ያነጋገረኝ። አሁንም ሲገባ መጀመሪያ ያየው እግሩን ነው።»

አንዳርጋቸው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ጫማዎን ያውልቁና ከዳናው ጋር እንለካው?» አለችው በቀስታ።

«አያስፈልግም» አለ።

ድምፁ ሲወጣ የተቆጣ አይመስልም፤ የደከመው ይመስላል። በዝናቡ ወሰን ጠርቶት እንደ ነበር ተናገረ። እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሳለ ወሰን ከታች ሆኖ ቀለበቱን አሳየው። ሰው እየተነዳ የሚታሰርበት፣ ወርቅ ያነሰ እንደሆነ ከወርቁ ጋር ወደ መሀል አገር የሚላክበት ቤት ነው አለው። በምረቃው ቀን በእንግዶቹ ፊት እናገራለሁ አለው።

«አላመንኩትም። ቀለበቱ የፈረስ ነው አልኩት። እኔ የፈለግሁት እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ጫማውን አውልቆ የሚገባበት አንድ ቦታ እንዲኖረን ነው። ደም አይተናል፤ እሱም አይቷል፤ ወንድሙን ነው የቀበረው። አሁን ደግሞ የማን አያት የማንን አያት ሸጠ ብለን እንድንጀምር? አታቃጥለን አልኩት። የሚያቃጥለን የሸፈንነው ነው አለኝና ደረጃውን ወደ እኔ ወጣ። ዝም እንዲል ብቻ ነበር የፈለግሁት። ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ጫማዬን አውልቄ ወረድኩ። ሞቷል። እንደ አደጋ ይቆጠራል ብዬ ልሄድ ስል ጫማው ታየኝ። በጸሎት ቤት፣ በጭቃ ጫማ፣ እንደዚያ ተጋድሞ... ጥዬው መውጣት አልቻልኩም።»

ከዚያ ወደ ኢቲዳል ዞረ። ጥያቄውን ለመጠየቅ የፈራ ሁሉ ሆኖ አመነታ።

«ኢቲዳልዬ። የነገርሽኝ እውነት ነው አይደል?»

«ውሸት ነው፣ ጋሼ» አለች። «በጣም ስለወደዱት ልመልሰው ፈራሁ።»

አንዳርጋቸው እዚያው ኩሱ ላይ ተቀመጠ፤ ፖሊሶቹ በብብቱ ይዘው አስነሡት፤ ደረጃውን ደግፈው ነው ያወጡት። ኢቲዳልን ሊወስድ የመጣው መኪና እሱን ይዞ ሄደ። እናቲቱ በሩን አልፋ እየሮጠች ገባች።

ታች ከቀሩት ማንም መውጣት አልቻለም። እየሩስ ታለቅሳለች። ኢቲዳል ግን ዓይኗ ደርቋል፤ ማናለብሽን ክንዷን ያዘቻት።

«የገደለው የኔ ውሸት ነው አይደል? እውነቱን ከመጀመሪያው ብናገር ሁለቱም ይኖሩ ነበር።»

ማናለብሽ ለማጽናናት ብላ አልዋሸችም። «የገፋው እጅ ያንቺ አይደለም። ውሸትሽ ግን እዚህ ውስጥ ነበር፤ ይህን ይዘሽ መኖር አለብሽ። እኔ ላግዝሽ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እንግዳ ነኝ፤ ንገሪኝ። ለኔ ብቻ አይደለም፤ ለሁላችን።»

ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ ደረጃው ላይ ቆማ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«የእናቴ አያት ከልቱማ ትባላለች» አለች ኢቲዳል። እንደ አስጎብኚ አልነበረም የምታወራው፤ አማርኛዋ ተሰባበረ፤ ልጅ ሆና የተማረችው ነገር በበርታኛ ነውና ቃል በቃል ፈልጋ ነው የምታወጣው። «እዚህ ነበር የታሰረው። ወባ ያዘውና መሄድ አቃተው፤ ይሞታል ብለው ጣሉት። አልሞተም። ሌሎቹ ሄዱ፤ ማንም አልተመለሰም። ከልቱማ አልረሳም ብሎ ስማቸውን ለልጇ አስተማረ። ልጇ ለእናቴ፣ እናቴ ለኔ። ማታ ሳንተኛ እንላቸዋለን። ለማንም አልተናገርነውም፤ የባሪያ ዘር ይሉናል ብለን ፈራን። ረምላ። ፈድሉ። ሐምዳን። የሐምዳን እህት ጁምዓ...»

አባባ ዓብዱልላጢፍ ከጥጉ ወጡ። ሙስበሐው ከእጃቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ቆዪ ልጄ» አሉ። «ከመቀጠልሽ በፊት እኔም አለኝ። በሩን የሚዘጋው ሰው የኔ አያት ነበር። እኔ እዚህ ዘበኛ የሆንኩት ለሌላ አይደለም፤ ሌላ ሰው እንዳይገባ፣ እንዳይሰማ። አርባ ዓመት ሙሉ ከዚህ ልጅ እናት ጋር ሰላም እላለሁ፤ ዓይኗን አላይም።»

ላይ የሌሊት ወፎቹ መውጣት ጀምረዋል። ማናለብሽ ልጅቷ ትጮኻለች ብላ ጠበቀች፤ ሽማግሌውን ልትከላከል አንድ እርምጃ ሄደች።

«አውቃለሁ፣ ያ ዓሚ፣ አጎቴ» አለች ኢቲዳል። «የአያትዎም ስም ከስሞቹ መጨረሻ ላይ አለ። ከልቱማ እሱንም አስተምራናለች። እሱ ነው ውሃ ያቀበላት።»

አባባ ዓብዱልላጢፍ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ኢቲዳል ጠበቀቻቸው፤ ሲረጋጉ ካቆመችበት ስም ቀጠለች፤ እናቷም ከደረጃው ላይ ሆና ስሞቹን አብራት ትል ጀመር።